የዘጠነኞቹ ስም ጥሪ

"አስተዋዋቂው ስም ሲጠራ ማንም አይመልስም! የመጀመሪያውን ሲጠራ ዝም፣ ሁለተኛውን ሲጠራ ዝም፤ አሥራ አንዱም እስኪያልቅ ከዚህ ትሪቡን ትንፍሽ የሚል ሰው እንዳልሰማ!"

ትያርክ ሜጋፎኑን ከአፉ አውርዶ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው። ከአጥሩ ጋር በተበየደችው ትንሽ የብረት መድረክ ላይ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ነው የቆመው። አስጨፋሪ ስለሆነ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚቆመው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ግብ በወጉ አይቶ አያውቅም እያሉ ይቀልዱበታል።

"ጌዛ፣ አንቺስ ሰማሽ?" አለ፣ ያለ ሜጋፎን።

ጌዛ ኦንከን ትሪቡኑ መሀል ካለው መደገፊያ ብረት ላይ ክርኗን አስደግፋ ዳቦ ውስጥ የገባ ቋሊማ እየበላች ነበር። "ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው" አለችው።

"እና?"

"እናማ ቋሊማዬን ልጨርስ።"

በዙሪያዋ ያሉት ሳቁ። ትያርክ ግን አልሳቀም። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በዕድሜ እናቱ ትሆናለች፤ ሆኖም በሰሜኑ ትሪቡን አንቱታ ብሎ ነገር የለም፤ በሩን ያለፈ ሁሉ አንተና አንቺ ነው። ደግሞስ ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መርጦ እሷን ብቻ ለምን እንደጠየቃት ያልገባው ሰው አልነበረም። የሮትቫርደን ከተማ ክለብ የቀኝ ተመላላሽ፣ ባለ ሃያ ሰባት ቁጥሩ ሃውከ ኦንከን፣ ልጇ ነው።

ጌዛ ግን እዚያ ትሪቡን ላይ መቆም የጀመረችው ሃውከ ሳይወለድ በፊት ነው። ሃውከ ሆዷ ውስጥ ሳለም ቆማለች፤ ያኔ አሁን አጠገቧ ያለው ሬምት፣ የመርከብ ብየዳ ሠራተኛ የነበረው፣ ሰው ሆዷን እንዳይገፋው ሁለት እጁን ዘርግቶ እንደ አጥር ይቆምላት ነበር። የልጁ አባት ሀምቡርግ ሄዶ ሌላ ሚስትና ሌላ ክለብ አግብቷል፤ የመጀመሪያውን ይቅር ብላዋለች። ሃውከ አድጎ ለከተማው ክለብ መሰለፍ ሲጀምር ለራሷ አንድ ሕግ አወጣች። ትሪቡኑ ላይ የማንም እናት አይደለችም። ልጇ ሲሳሳት ከሰው ጋር እኩል ትሳደባለች፣ ሲሰድቡትም ለምን ብላ ከማንም ጋር አትጣላም። ይህን ሕግ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች፤ አንዳንዴ ምላሷን ነክሳ፣ ግን ጠብቃዋለች።

ስም ጥሪውማ የሮትቫርደን ስታዲየም ትልቁ ወግ ነው። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አስተዋዋቂው የተጫዋቹን የራሱን ስም ይጠራል፣ ሕዝቡ ደግሞ የቤተሰቡን ስም ጮኾ ይመልሳል። "ማልተ" ሲል "ዚቨርስ!" ይሉታል። በረኛው ባለፈው ሳምንት ኳስ በእግሮቹ መሀል አሾልኮ ይሁን፣ አጥቂው ከገና ወዲህ መረቡ የት እንዳለ ጠፍቶት ይሁን፣ ስሙ ሳይመለስለት ቀርቶ አያውቅም። ክለቡ ከሁለተኛው ሊግ ወደ ሦስተኛው በወረደበት ቀን እንኳ ሕዝቡ እያለቀሰ መልሷል።

ዘንድሮ ግን ያለቀሰ ሰው የለም። ጉዱም እዚያ ላይ ነው። ሠላሳ ሦስት ጨዋታ ተጫውተው አሥራ አንዱን አሸነፉ፣ አሥራ አንዱን አቻ ወጡ፣ አሥራ አንዱን ተሸነፉ። ሆን ብሎ እንዲህ ላድርግ የሚል ቡድን ቢኖር እንኳ አይሳካለትም። ከጥቅምት ጀምሮ ከስምንተኛ ከፍ፣ ከአሥረኛ ዝቅ ብለው አያውቁም። በየካቲት ማሸነፍ ጀመሩ ሲባል በመጋቢት ተሸነፉ፤ ወረዱ ሲባል ደግሞ ባልተጠበቀ ሜዳ ሁለት ለዜሮ አሸንፈው ተመለሱ። አሰልጣኙን ለማባረር ምክንያት የለም፣ ለማመስገንም የለም። አሁን የመጨረሻው ጨዋታ ቀርቷል፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ዘጠነኛ ናቸው።

"ብንወርድ እናለቅስ ነበር፣ ብንወጣ እንሰክር ነበር" አለ ትያርክ፣ ከመድረኩ ወርዶ ወደ ጌዛ እየመጣ። "ይሄ ግን ምንድን ነው? ዓመት ሙሉ በዝናብና በነፋስ ቆመን ዘጠነኛ! ንቀውናል። ዝም ስንል ብቻ ነው የሚሰማቸው።"

"ትያርክ፣ አንተ ኩሽና ነው የምትገጣጥመው አይደል?"

"አዎ፣ ምነው?"

"ከከተማው ገጣጣሚዎች ስንተኛ ነህ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ዘጠነኛ ከሆንክ በርትተሃል። የእኔ ቁም ሣጥን በር አሁንም አይዘጋም።"

ሬምት በአፍንጫው ሳቀ። ትያርክ ፊቱ ቀላ። "ቀልዱን ተይው ጌዛ። ዛሬ የሚጮህ ሰው ነሐሴ ላይ አዲሱ ውድድር ሲጀመር እዚህ ባይቆም ይሻለዋል። ይሄን የምልሽ ስለማከብርሽ ነው።" ይህን ብሎ ወደ መድረኩ ተመለሰ።

ጌዛ የቋሊማዋን ወረቀት ጨምድዳ ኪሷ ከተተችው። ነገሩ አናደዳት፤ አናደዳት ብቻ ሳይሆን አስፈራትም። ሳምንቱን ሙሉ የአራት ቁጥር አውቶቡስ ከወደቡ እስከ ሆስፒታሉ ስትነዳ ትውላለች፤ ማታ ባዶ ቤት ትገባለች። ሰው ትከሻዋን ነክቶ "እንዴት ሰነበትሽ?" የሚላት እዚህ ትሪቡን ላይ ብቻ ነው። ይህን ቦታ ካጣች የሚቀራት የአውቶቡሱ መሪ ብቻ ነው።

ከሐሙስ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ነገር ይከነክናታል። ሐሙስ ሃውከ እራት ሊበላ እሷ ቤት መጥቶ ነበር። ነጭ አስፓራገስ የሚሉትን አትክልት በቅቤ፣ ድንችና የአሳማ ሥጋ ሠራችለት፤ እሱ ግን በሹካው ሳህኑን ከመጫር በቀር አልበላም።

"እማዬ፣ እሑድ አትምጪ" አላት በመጨረሻ።

"ለምን?"

"ስም ሲጠራ ዝም ሊሉ ነው። መልበሻ ክፍል ሁላችንም ሰምተናል።"

"ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?"

"አንቺ ዝም አትይማ! አውቅሻለሁ እኮ። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎ አንቺ ብቻሽን ስትጮኺ ካሜራው ያነሳሻል። ሰኞ ጠዋት እናቱ ብቻ የምትጮህለት ተጫዋች ልባል ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው እማዬ።"

"ለአንተ ብዬ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?"

"እሱን እኔ አውቃለሁ። እነሱ አያውቁትም።"

"ድንቹን ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለችው።

ሃውከ ይህን እሺታ አድርጎ ወሰደው። እሺታ አድርጎ እንደወሰደው ገብቷታል፤ ግን አላረመችውም። ሲወጣ ጉንጯን ስሞ "አመሰግናለሁ" አላት። በማግስቱም አውቶቡሷ ላይ የተሳፈሩት ወይዘሮ ታመን፣ "ልጅዎ ባለፈው ሳምንት ያሻማት ኳስ ዛሬ ጠዋት አትክልቴ ውስጥ ወደቀች" ብለው ሲቀልዱባት፣ ሳትስቅ በሩን ዘጋች።

አሁን ግን መጥታለች። ምን ልታደርግ እንደመጣች ራሷም አላወቀችም። እሑድ ነው፣ ጨዋታ አለ፣ መጣች፤ በቃ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተጫዋቾቹ ወጥተው መሀል ሜዳ ተሰለፉ። ሙዚቃው ቆመ። አስተዋዋቂው ኢንጎ ጉሮሮውን ሲጠርግ በድምፅ ማጉያው ተሰማ፤ እሱም ፈርቶ ነበር መሰል።

"ቁጥር አንድ… ማልተ…"

ዝምታ።

ጌዛ ያን ስታዲየም እንዲያ ጸጥ ብሎ ሰምታው አታውቅም። ከወደቡ የክሬን ድምፅ መጣ፤ ከጣራው ላይ የወንዝ ወፎች ሲንጫጩ ተሰማ። ማልተ እንደ ልማዱ ለሕዝቡ ሰላምታ ሊሰጥ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ አንስቶ ነበር። እዚያው አየር ላይ ቀረ። ያ ሁለት ሜትር የሚያህል ሰውዬ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። መጀመሪያ በሱሪው ላይ ጠረገው፣ ቀጥሎ ጀርባው ላይ ደበቀው።

የጌዛ ደም ፈላ። ሰነፍ ናቸው ብሎ መሳደብ ሌላ ነገር ነው፤ እሷም ዓመቱን ሙሉ ስትሳደብ ከርማለች። ሰው ስሙ ተጠርቶ የሚመልስለት ሲያጣ ቆሞ ማየት ግን አልሆነላትም።

"ዚቨርስ!"

ድምፁ ከእሷ እንደወጣ ያወቀችው ጭንቅላት ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር ነው። ብቻውን ሲሰማ ቀጭንና ሻካራ ነበር።

ኢንጎ ቀጠለ። "ቁጥር አራት… ሌናርት…"

"ቮስ!"

"ዝም በይ!" አለ ከኋላዋ አንድ ሰው። ሌላው አፏጨ። "ቁጥር አምስት… ብራኒሚር…" ሲባል የፕላስቲክ ኩባያ መጥቶ ትከሻዋን መታት፤ ቢራው በአንገቷ ወደ ጀርባዋ ፈሰሰ። "ፔሪች!" አለች፣ አንገቷን እየጠረገች። ሬምት፣ ያ እንደ አጥር ይቆምላት የነበረው ሬምት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ። ከቢራው ይልቅ ይሄ ጎዳት። ያም ሆኖ አላቆመችም።

ትያርክ ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ መጣ። "ተስማምተን አልነበረም እንዴ?"

"እናንተ ተስማማችሁ። ቆይ፣ እየጠራ ነው" አለችው። "ኦዲሎን…" አለ ኢንጎ። "ኩዋሲ!" አለች ጌዛ።

"ለልጅሽ ብለሽ ሁላችንንም ታዋርጂናለሽ?"

"ልጄ ገና አልተጠራም።"

እውነት ነው፤ ሃያ ሰባት ቁጥር መጨረሻ ላይ ነው የሚጠራው። ትያርክ ክንዶቹን አጣጥፎ ፊት ለፊቷ ቆመ። "እሺ" አለ። "የእሱ ሲደርስ እናይሻለን። ያኔ ለማን ስትይ እንደምትጮኺ ሁሉም ያውቃል።"

"ዩሱፍ…"

"ቻክማክ!"

ስሞቹ እየቀነሱ ሄዱ። ማፏጨቱ እንኳ ቀረ፤ ሰው ሁሉ መጨረሻውን ይጠብቅ ነበር። የስታዲየሙ ትልቁ ስክሪን ላይ የጌዛ ፊት ወጣ፣ ፀጉሯ በቢራ ርሶ። ሃውከ ሰልፉ ጫፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ስክሪኑን አላየም፤ ማየት አላስፈለገውም።

ጌዛ አሰበች። የእሱን ብትተወው ልጇ ሰኞ ጠዋት አይሳቅበትም። ትያርክም አፉን ይይዛል፤ ለልጇ ብላ ነው ማለት አይችልም። በሐሙሱ እራት ላይ ያላረመችው ነገርም እውነት ይሆናል። አፏን ዘግታ ብትቆም ሁሉም ነገር ያምርላት ነበር። ግን አሥሩ ተመልሶላቸው አንዱ ቢቀር፣ የሚቀረው የእሷ ልጅ ስለሆነ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሌላው ሳትለየው ኖራ፣ ዛሬ ከመካከላቸው ነጥላ ልታቆመው? እንዲያ ያለች እናት ቤቷ ትቀመጥ።

"ቁጥር ሃያ ሰባት…" አለ ኢንጎ። "ሃውከ…"

"ኦንከን!" አለች፣ የትያርክን ዓይን ዓይኑን እያየች። ከሌሎቹ አላስበለጠችውም፣ አላሳነሰችውም።

የሃውከ ጆሮ ቲማቲም መስሎ ሲቀላ ከትሪቡኑ ታየ። እጁን አላነሳም።

ጨዋታውን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እንደ ዓመቱ ነበር። ሮትቫርደን አንድ አገባ፣ ከዚያ ያገባውን ተቀምጦ ሲጠብቅ ቆየ። ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው የባለጋራ አጥቂ ከሃውከ ጀርባ ሾልኮ በግንባሩ አስቆጠረ፤ አንድ ለአንድ። ጌዛም "አንተ ደንቆሮ ሃያ ሰባት!" ብላ ስትጮህ አጠገቧ ያሉት ሁለት ልጆች ሳያስቡት "እውነትሽን ነው!" አሏት፤ ወዲያው ደግሞ እሷን ማኩረፍ እንዳለባቸው ትዝ ብሏቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ፊሽካው ተነፋ። ዘጠነኛ።

ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ከጨዋታ በኋላ ወደ ሰሜኑ ትሪቡን ይመጣል፤ ወይ ይጨበጨብለታል፣ ወይ ይሰደባል። ትያርክ ግን በሜጋፎኑ "ዞር!" ሲል ትሪቡኑ በሙሉ ጀርባውን ለሜዳው ሰጠ። ተጫዋቾቹ መሀል ሜዳ ላይ ይህን አይተው ቆሙ። አምበሉ ፔሪች ወደ መልበሻ ክፍሉ መንገድ ማየት ጀመረ።

ጌዛ አልዞረችም። ትከሻ ለትከሻ በቆሙት ሰዎች መካከል እየተሹለከለከች እስከ አጥሩ ወረደች።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሃውከ ነው። አንገቱን እንደደፋ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ብቻውን ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ማልተ ተከተለው፤ ከዚያ ሌሎቹም ግራ እየተጋቡ ተከተሉ። ሃውከ አጥሩ ጋ ሲደርስ ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ፤ ተናዶ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን አይለይም።

"እማዬ" አላት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ እንዲያ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

ጌዛ እጇን በአጥሩ አሾልካ ፊቱን ብትዳስሰው ደስ ባላት ነበር። እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

"እናትህ ቤት ናት" አለችው። "አንተ ሃያ ሰባት ቁጥር፣ ያን ሰውዬ ለምን ለቀቅከው?"

ሃውከ አፉን ከፈተ። "አላየሁትም።"

"አላየሁትም ይላል እንዴ! ዞር ብለህ እይ እንጂ፤ አንገት የተሰጠህ ለምንድን ነው? ማልተ፣ አንተስ? ኳሷ ከግቡ አምስት ሜትር ላይ ስትወርድ መስመሩ ላይ ተተክለህ ትቀራለህ? ምን ታያለህ፣ አንተን ነው የማወራው!"

"እሺ" አለ ማልተ።

"ዓመቱን ሙሉ አሰልችታችሁናል። እያንቀላፋሁ ነው የቆምኩት። እንዲህ ዓይነት ቡድን አይቼ አላውቅም፤ ከከፋው አልከፋ፣ ከተሻለው አልተሻለ!"

ሬምት ጀርባውን እንደሰጠ፣ ሳይዞር፣ "የማዕዘን ምቱንም ንገሪያቸው እንጂ" አለ።

ከጀርባዎቹ መሀል ሳቅ ተሰማ። ጌዛም የማዕዘን ምቱን ነገረቻቸው፤ ቻክማክ ላይ ትንሽ በዛችበት። ተጫዋቾቹ ተማሪ ቤት እንደሚቆጧቸው ልጆች ተደርድረው ሰሟት። ስትጨርስ ሃውከ በግራ እጁ አፍንጫውን ጠርጎ ፈገግ አለ፤ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

"በዋናው በር ነይ" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። "የቤተሰብ መውጫው ጋ እጠብቅሻለሁ፤ በመኪና አደርስሻለሁ። ከእነሱ ጋር አትውረጂ፣ ተቆጥተዋል።"

ጌዛ ዞር ብላ አየች። ትሪቡኑ መባተን ጀምሯል፤ ሰው ወደ ጠባቡ የሲሚንቶ ደረጃ እየተግተለተለ ነው። ደረጃው አፍ ላይ ትያርክ ሜጋፎኑን ብብቱ ሥር ይዞ ቆሞ እሷን ይመለከታል። የቤተሰብ መውጫው ንጹሕ ነው፣ ሰው አይበዛበትም፤ የተጫዋቾቹ ሚስቶችና እናቶች እዚያ ቡና እየጠጡ ይጠብቃሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ረግጣው አታውቅም።

"ሐሙስ እራት ና" አለችው ልጇን። "አሁን ሂድ፣ ይበርድሃል።"

ከዚያ ወደ ደረጃው ሄደች። ሰዎቹ መንገድ አልከፈቱላትም፤ እሷም እንዲከፍቱላት አልጠየቀችም። በቢራ የራሰ ጃኬቷን እንደለበሰች መሀላቸው ገብታ እንደ ሁሉም ሰው ተገፋፍታ ወረደች። ትያርክ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ነሐሴ ላይ…" ብሎ ጀመረ ትያርክ።

"ነሐሴ ላይ መሀል አልቆምም" አለችው። "ፊት ነው የምቆመው፣ መድረክህ ሥር። ጠዋት መጥቼ ነው የምይዘው።"

መልሱን ሳትጠብቅ ከሰዉ ጋር ወረደች።